ዳርሜ እንግዳ የሆነች ለት

ትናንት ሌሊት ዳርሜ በገዢው ጀርባ ታዝላ ባሕር ስትሻገር አደረች። በሕልሟ ነው እንጂ፣ በውኗማ ገዢው ሰው ሊያዝል ቀርቶ የገዛ ጃንጥላውን እንኳ ተሸክሞ አያውቅም።

ሕልሙን ከመጀመሬ በፊት ምን አስጨንቋት እንደተኛች ልንገራችሁ፤ ሆድ ካልተጨነቀ እንዲህ ያለ ሕልም አይታይም። ዳርሜ እኩያዬም ጎረቤቴም ናት፣ አንቺ ነው የምላት። ያየችውን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ፤ የጨመርኩት ነገር ካለ ከጨው አይበልጥም።

እኛ ቶርጋዎች የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። እንግዳ ሲመጣብን በርጩማ እንሰጠዋለን። በርጩማውን ከሰጠን በኋላ ወየው ለኛ! እሱ ሳይቀመጥ አንቀመጥም፣ እሱ ሳይጠግብ አንጎርስም፣ እግሩን እናጥባለን፣ አልጋችንን እንለቅለታለን። መቼ ትሄዳለህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። መሄድ ሲፈልግ በርጩማውን በገዛ እጁ ደፍቶ በሩ ሥር ያስቀምጣል፣ እኛም ስንቅ ቋጥረን እንሸኘዋለን። ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ስንኖር በርጩማውን ሳይደፋ የቀረ እንግዳ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እናት ያሳደገችው ይመስለን ነበር።

የዳርሜ አያት ግን ከባሕር ማዶ ለመጣ፣ ጢሙ በዝናብ ለረጠበ አንድ ፈረንጅ አዘነና በርጩማ ሰጠው። ሰውየው ተቀመጠ። እንደተቀመጠ ሌሎቹን ጠራ። ሌሎቹ ጠመንጃ ይዘው መጡ፤ ሐይቁን በገመድ ለኩ፣ ደኑን መነጠሩ፣ ወንዶቻችንን ለመንገድ ሥራ እየነዱ ወሰዱ። የመጀመሪያው ሰውዬ እዚያው ሞተና ሌላ ተተካ፣ ሌላውም ሄደና ሌላ መጣ። ሽማግሌዎቻችን «እንግድነት ይወረሳል ወይስ አይወረስም?» እያሉ አንድ ክረምት ሙሉ ተከራከሩና ይወረሳል ብለው ተነሱ። አቤት ይሉኝታ! ይሉኝታ የገደለው ሕዝብ ብትሉን አልቀየማችሁም።

የአሁኑ ገዢ ሙሴ ባርዶን ይባላል፤ «ሙሴ» በነሱ ቋንቋ አንቱታ ነው። አንቱታ ለሚገባው ነውና እኔ አንቱ አልለውም። ይኼ ከፊተኞቹ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሕጋችንን አጥንቷል። አስተርጓሚው ኪልባ፣ የእኛው ልጅ ነው፣ ስለ ጥቁሩ በርጩማ ነገረው። ጥቁሩ በርጩማ በዳርሜ ቤት ምሰሶ ሥር የሚኖር የቤት ጌታ በርጩማ ነው። በኛ ሕግ የቶርጋ ምድር ሁሉ አንድ ቤት ነው፤ በዚያ በርጩማ ላይ በሕዝብ ፊት የተቀመጠ ሰው የምድሩ ባለቤት ይሆናል፣ የቀረነው ሁሉ የእሱ እንግዶች እንሆናለን። ባርዶን ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። «ታዲያ ምን እጠብቃለሁ? በገዛ ሕጋቸው የእኔ ትሆናለች!» አለ። ወዲያው ወደ ዳርሜ ላከ፤ ነገ በሚከበረው የመንደሩ በዓል ላይ በርጩማውን ይዛ ትምጣ፣ በሕዝብ ፊት እቀመጥበታለሁ፣ እምቢ ካለች የመንደሩን ጎተራ ሁሉ አቃጥላለሁ አለ።

ሽማግሌዎቹ ትናንት ማታ ቤቷ ተሰበሰቡ። ግማሾቹ «ስጪው፣ እንጨት ነው፣ ልጆቻችን በረሃብ ከሚያልቁ» አሏት። ግማሾቹ «ብትሰጪው ቶርጋ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ ያንን ያደረገች እጅ ቀባሪ አታገኝም» አሏት። ዳርሜ ሁለቱንም ሰማች፣ ለሁለቱም ራት አቀረበች። ሲሄዱ የተረፈውን ቆማ በላች። ያቺ ሴት ቁጭ ብላ፣ ተዝናንታ፣ እስክትጠግብ የበላችበትን ቀን እኔ አላስታውስም። ከዚያ ምን እንደምታደርግ ሳትወስን ጋደም አለች።

እንግዲህ ሕልሙ ይኸው። ባርዶን አዝሏት ባሕሩን ያቋርጣል። ባሕሩ አቧራ ነው፤ ዓሦቹ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ገዢው ያለከልካል።

«ቀስ በል እንጂ! ታንገጫግጨኛለህ» አለችው።

«ይቅርታ እማማ፣ ዳገት ሆኖብኝ ነው።»

«ባሕር ደግሞ ምን ዳገት አለው? ሰነፍ! እናንተ ካልተገረፋችሁ አትሠሩም።»

ይህን ከገዛ አፏ ስትሰማ ደነገጠች። ቃሉ የባርዶን ነው፤ መንገድ ሥራው ላይ በየቀኑ ወንዶቻችንን የሚሰድብበት ነው። ግን ደስ አላት። ምን ልዋሻችሁ፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጆሮውን ይዛ ወደ ግራ አዞረችውና በተረከዟ ጎኑን ነካ አደረገችው።

የባሕር ማዶ ከተማ ሲደርሱ ቤቶቹ በጣሪያቸው ቆመዋል፣ መሠረታቸው ሰማይ ላይ ነው። ሰው የሚገባው በጭስ መውጫ ነው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው የሐይቁ ገበያ ሽንኩርት ሻጭ ናት። ሽንኩርቷን እየላጠች ፊት የቆመውን ጄኔራል ገላመጠችው።

«ምን ፈለግህ?»

«የመተንፈሻ ፈቃድ ለማሳደስ ነበር እመቤቴ።»

«ባለፈው ሳምንት ተንፍሰህ የለም እንዴ?»

«ትንሽ ነው እመቤቴ። እሱንም ለልጆቼ አካፍዬ ነው።»

«ነገ ተመለስ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ናት።»

አለቃዋ አጠገቧ ተኝታ የምታመሰኳ ላም ናት። ጄኔራሉ እጅ ነሥቶ ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ንዴቱ እሱ ያውቃል።

ሰልፉ ሳይታሰብ መንገድ ሆነ። መንገዱ ዳር የኛው ተራራ ገመድ ይዞ ቀያሹን ይለካል። ቀያሹ ያ ሐይቃችንን በገመድ ከፋፍሎ ይኼ ወገን ለነሱ፣ ያ ወገን ለኛ ያለው ፈረንጅ ነው። ተራራው ሰውየውን መሬት ላይ ዘረጋው፣ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ለካው።

«ለአንድ ሰው ይበዛል» አለና ወገቡ ላይ በኖራ አሰመረበት። «ከመስመሩ በላይ ያለው የሰሜን፣ በታች ያለው የደቡብ።»

«እግሬን ቢበላኝስ?» አለ ቀያሹ።

«ድንበር መሻገር ነው። የይለፍ ወረቀት ያስፈልግሃል።»

«እጄ እኮ የራሴ ነው!»

«እጅህ የሰሜን ተወላጅ ነው። ደቡብ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ዳርሜ ከባርዶን ጀርባ ላይ ሆና አጨበጨበች። ተራራው ኮስተር ብሎ ገመዱን ጠቀለለ፤ ቢሆንም ግን፣ ትላለች ዳርሜ፣ ከጉም ሥር ፈገግ ብሏል።

ከዚያ ችሎት ነው። ችሎቱ ገበያ መሃል ተቀምጧል። ዳኛዋ የዳርሜ ነጭ ፍየል ናት፤ በቀደም የባርዶን ወታደሮች ለጌታቸው ጥብስ ያረዷት ያችው ምስኪን፣ ካባ ደርባ ወንበር ላይ ጉብ ብላለች። ኪልባ በእጆቹ እየሄደ መጣ። እግሮቹ ሰማይ ላይ ናቸው፣ ሲያስተረጉም ድምፁ የሚወጣው ከጫማው ውስጥ ነው። ባርዶን ዳርሜን ከጀርባው አውርዶ ተንበረከከ። ለካስ «የቶርጋ ተወላጅ ነኝና ምድሩ ይፈረድልኝ» ብሎ ከስሷል።

«እትብትህ የት ተቀበረ?» አለች ፍየሏ።

«እዚሁ ነው የተከበሩ ዳኛ።»

«ቆፍረህ አሳየን።»

ባርዶን ኮቱን አውልቆ ቆፈረ። ዶማ አያያዝ አያውቅም፤ ገበያተኛው ሳቀበት። መጀመሪያ የጠርሙስ ቡሽ አወጣ። እሱን ጥሎ ሲቆፍር የተቀደደ የእግር ሹራብ አወጣ። ሦስተኛ ሲቆፍር የሰው ጥርስ አወጣ። ጥርሱ ከወንዶቻችን የአንዱ እንደሆነ ገበያው ሁሉ አውቆታል።

«ይኼስ ያንተ ነው?» አለች ዳኛዋ።

«መንገድ ሥራ ላይ ሲመቱት የወለቀ ነው» አለ የኪልባ ጫማ። ማንም ሳይጠይቀው ነው የተናገረው፤ እሱም ራሱ ደንግጦ እግሮቹን አጠላለፈ።

ባርዶን ሲጨንቀው ባንዲራውን ከኪሱ አወጣና ማስረጃዬ ይኸው ብሎ አቀረበ። ፍየሏ አሸተተችው። ከጫፉ ቀመሰችው። ቀጥላ አንድ ክር ሳታስቀር በላችው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች አፏን በካባዋ እየጠረገች። «ፍርዱ እስኪፈጭልኝ ጠብቁ። እስከዚያ ግን አንተ ሰውዬ አስተናጋጅ ነህ። ይህችን ሴት ቤትህ ወስደህ አብላት።»

ዳርሜ ወዲያው የባርዶን ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ራሷን አገኘችው። አቤት መቀመጥ! ጉልበቷ ዘፈነ ነው የምትለኝ። ባርዶን ትሪ በትሪ ላይ ያመጣል፤ ሥጋው፣ ዓሣው፣ ማሩ። እሷ ትበላለች፣ ልጆቹ በመስኮት ሆነው ያያሉ፣ ውጭ ዝናብ ይዘንብባቸዋል፤ አልጋቸውን ለሷ ለቀዋልና። የባርዶን ሚስት የቀለበት ጣቷን ትልሳለች፤ ማር ነክቷት ነበር። ዳርሜ የመጨረሻውን ሳህን ጠራርጋ ቀና አለች።

«ይኼ ብቻ ነው?»

ባርዶን አንገቱን ደፍቶ ወጣና የመጨረሻውን ፈረሱን ሊያርድ ቢላዋ መሳል ጀመረ።

አንዲት አሮጊት የሞቀ ውሃ ይዛ ገባች። የባርዶን እናት ናት ተባለ። ተንበርክካ የዳርሜን እግር ማጠብ ያዘች። በጣቶቿ ዳሰስ ዳሰስ ታደርገዋለች።

«ጠንከር አድርጊው እንጂ፣ ትኮረኩሪኛለሽ» አለች ዳርሜ።

አሮጊቷ ቀና አለች። ፊቷ የዳርሜ እናት ፊት ነው።

የዳርሜ እናት እንዴት እንደሞተች ቶርጋ ሁሉ ያውቃል። በድርቁ ዓመት የቀረቻትን ማሽላ ፈጭታ ለእንግዶቹ አቀረበች። እንግዶቹ በሉ፣ የጠሉትን ለፈረሶቻቸው ሰጡት። እሷ ሳምንት ሳይሞላ ከምድጃዋ አጠገብ ሞታ ተገኘች። እኛ ስናለቅስ እነሱ ራት ዘገየ ብለው ሰው ላኩ። ይህን ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል፣ ይቅር በሉኝ።

«እማዬ» አለች ዳርሜ፣ በርጩማው ላይ እንዳለች እያለቀሰች። «ምነው ዝም አልሽ? ምነው አንድ ቀን እንኳ ተነሱ ሳትያቸው ሞትሽ?»

«የቤት ጌታ አይደለሁ?» አለች እናቷ እግሯን በነጠላዋ እያደረቀች። «ጌታው ነው የሚራበው ልጄ። እነሱ ጌታ ሲሉ የሚበላው መስሏቸዋል።»

ዳርሜን ንዴት አቃጠላት። በርጩማውን ደፍታ እናቷን አዝላ ወደ አገሯ ልትመለስ ብድግ አለች። በርጩማው አብሯት ተነሳ። ከመቀመጫዋ ተጣብቋል። በሁለት እጇ ያዘችውና ጎተተች፣ ረገጠች፣ ተሳደበች፣ እንደገና ጎተተች። አንድ ነገር ጓ አለ። ነቃች።

ጓ ያለው የገዛ በሯ ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ባርዶን በዓሉ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት በሯን በእርግጫ በርግዶ ገብቷል። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ ምሰሶው ሥር ጥቁሩ በርጩማ ላይ ጉብ ብሏል። ኪልባ አጠገቡ ቆሟል፣ ወታደሮቹ ግራና ቀኝ ናቸው። የመንደሩን ሰው ለምስክርነት ከየቤቱ ነድተው አምጥተው በሩ ላይ አቁመውናል። እኔም ከመሃል ነበርኩ፣ ነጠላዬን እንኳ አልለበስኩም።

«ንገራት» አለ ባርዶን። «በሕዝብ ፊት ተቀምጬበታለሁ። በገዛ ሕጋችሁ ከዛሬ ጀምሮ የምድሩ ባለቤት እኔ ነኝ፤ እናንተ ሁላችሁ እንግዶቼ ናችሁ።»

ኪልባ አስተረጎመ። አንዲት ሴት ኡኡ ብላ ደረቷን መታች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዓይኑን ሸፈነ። እኔም አለቀልን አልኩ፣ አገር እንዲህ በጠዋት፣ ፊት ሳይታጠብ ይወሰዳል እንዴ አልኩ።

ዳርሜ መደቧ ላይ ተነሥታ ተቀምጣ የሰማችውን አላመጠችው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ትስቃለች።

«እንግዶችህ ነን አልክ?»

«አዎ!»

«ሁላችንም? ቶርጋ በሙሉ?»

«በሙሉ ብያለሁ!»

ዳርሜ ትራሷን አመቻችታ ተመልሳ ተጋደመችና እግሮቿን ከመደቡ ጫፍ አንጠለጠለች።

«እሰይ! እንግዲያው ውሃ ይሙቅልኝ፣ እግሬን ልታጠብ። ቁርሱንም እንዳታዘገየው፤ ረጅም መንገድ ሄጄ ነው ያደርኩት፣ ርቦኛል።»

ኪልባ አመሉ ማለሳለስ ነበር። እኛ ስንረግመው ለባርዶን «ዕድሜ ይስጥህ አሉህ» ይለዋል፤ እንጀራው ነው፣ ምን ያድርግ። ዛሬ ግን ዓይኑ ፈጥጦ ቃል በቃል አስተረጎመው፣ እግር ማጠቡንም ጭምር።

«ምንድን ነው የምትቀባጥረው?» አለ ባርዶን።

«ሕጉ ነው ጌታዬ። ባለቤት የእንግዳውን እግር ያጥባል። እንግዳው ሳይበላ አይበላም። አልጋውንም ይለቃል።»

«ለማን?»

ኪልባ በሩ ላይ ወደተኮለኮልነው ሕዝብ ዞሮ በዓይኑ ሊቆጥረን ሞከረና ተወው።

«ለነዚህ ሁሉ ጌታዬ። ውጭም አሉ።»

እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ገፋፍቼ ገባሁና ከባርዶን ጫማ አጠገብ እግሬን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። «እኔ ሥጋ አይስማማኝም፣ ዓሣ ይሁንልኝ» አልኩት። ሽንኩርት ሻጯ ተከተለችኝ፤ ጠጁ ከየት ነው የሚመጣው ትላለች። ሽማግሌዎቹ፣ እነዚያ ትናንት ስጪው አትስጪው ሲሉ ያመሹት፣ አንድ ላይ ገብተው ጥግ ጥጉን ያዙ። ቤት ውስጥ ቦታ ያጡት ወደ ገዢው ግቢ አመሩ፤ እዚያ ክፍሉ ሰፊ፣ ፍራሹ ወፍራም ነው ሲባል ሰምተዋል። ሴቶቹ በእልልታ ነው የሄዱት። ዓይኔ እያየ አገሬ በሙሉ ገዢው ቤት እንግድነት ሄደ።

ባርዶን ሊነሳ ዳሌውን ከበርጩማው ትንሽ አላቀቀ።

«እንግዶቹን ትተው ከተነሡ ጌታዬ» አለ ኪልባ ጎንበስ ብሎ፣ «በሕዝብ ፊት ምድሩን ለቀቁ ማለት ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ምስክር ይጠራ ያሉት።»

ባርዶን ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ከዳርሜ ወደ ኪልባ፣ ከኪልባ ወደተዘረጋው የኔ እግር አየ፤ እግሬ ደግሞ ጭቃ ነበረው። በመጨረሻ ጮኸ።

«ወታደር! አስወጧቸው! ጠራርጋችሁ አስወጡልኝ!»

ወታደሮቹ የእኛው ልጆች ናቸው፣ ከየመንደሩ ተጎትተው ጠመንጃ የታደሉ። እርስ በርስ ተያዩ። ጢሙ የሸበተው አለቃቸው ወደፊት ራመደ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ዳርሜ ግን ካንጠለጠለችበት እግሯን አልሰበሰበችም፤ ቁልቁል እያየችው ጠበቀችው።

ሰውየው ፊቷ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወደ በሩ ተመለሰና ጠመንጃውን፣ እንግዳ ጦሩን ደጅ እንደሚያኖር፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሌሎቹም አንድ በአንድ አስደገፉ። አለቃው መጥቶ እኔ አጠገብ ቁጭ አለና የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። እግሩ በዚያ ጫማ ተልጦ ቀይ ሆኗል።

«እኔም ቶርጋ ነኝ» አለ ወደ በርጩማው ቀና ብሎ። «ውሃውን በትልቅ ድስት ጣደው።»